ለትልቅ የጓሮ ግሪን ሃውስ የአየር ማናፈሻ አመራረጥ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚያለሙ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በሰበታ፣ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ ወይም በሆለታ መንገድ ላይ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ሰው ግሪን ሃውስ ለመሥራት ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ቬንትሌተር እንደሚያስፈልገው ነው። እኔም በሰበታ ዳርቻ የመጀመሪያውን ላስቲክ ቤት ስሠራ የጀመርኩት ከዚሁ ጥያቄ ነበር። ትልቁን ማራገቢያ ገዝቼና መስመር አስዘርግቼ ካስገጠምኩ በኋላ፣ በመጋቢት ወር አንድ ቀን በእኩለ ቀን መብራት ጠፋ። ቴርሞሜትሩ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሳይና የቲማቲሙ አበባ በሚቀጥሉት ቀናት ሲረግፍ ካየሁ ወዲህ ጥያቄውን ከሌላ ወገን መጠየቅ ጀመርኩ፦ ማራገቢያ ባይኖር ይህ ቤት በራሱ ምን ያህል መተንፈስ ይችላል? የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፤ በመጀመሪያ መክፈቻዎች፣ ቀጥሎ አየር የሚያዞሩ ማራገቢያዎች፣ በመጨረሻም አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ብቻ አየር የሚያስወጡ ትልልቅ ማራገቢያዎች ይመረጣሉ።

ይህን ቅደም ተከተል የሚያስገድደው የአካባቢው አየር ጠባይ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ደጋማ ቦታዎች የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በሞቃቶቹ ወራት እንኳ ከ25 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለሰላጣም ሆነ ለእንጆሪ ከውጭ ያለው አየር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ተስማሚ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ፣ ሥራው በአብዛኛው የሞቀውን አየር አስወጥቶ የውጭውን ማስገባት ብቻ ነው። ፀሐይዋ ግን ብርቱ ናት። ሁሉ ነገሩ የተዘጋ ላስቲክ ቤት በጠራራ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ 40 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል፤ ቲማቲም ደግሞ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲቆይ የአበባው ብናኝ እየመከነ ፍሬ መቋጠሩን ይቀንሳል። ከሙቀቱ በተጨማሪ በክረምት ወራት ከቅጠል የሚወጣው እርጥበት መውጫ ካጣ ሻጋታና ምች ይከተላል፤ እንዲሁም አየር የማይለወጥበት ቤት ውስጥ ተክሉ ረፋዱ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጭው መጠን በታች አድርሶት ዕድገቱ ይገታል።

ቤቱንና ግቢውን መለካት

ማንኛውም ግዢ ከመፈጸሙ በፊት አራት ልኬቶች በወረቀት ላይ መስፈር አለባቸው፤ እነሱም ርዝመት፣ ስፋት፣ የጎን ግድግዳ ከፍታ እና የጣሪያው ጫፍ ከፍታ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው የምንከተለው ምሳሌ 18 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት፣ በጎን 3 ሜትር፣ በጫፉ ደግሞ 4.5 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት ነው። የወለሉ ስፋት 144 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ አማካይ ከፍታው 3.75 ሜትር ስለሆነ በውስጡ የሚይዘው አየር 540 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቤቱ ገና ካልተሠራ በቁመት ላይ መቆጠብ አይገባም። ሞቃት አየር በጣሪያ የሚወጣበት ኃይል በታችኛውና በላይኛው መክፈቻ መካከል ባለው የከፍታ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይህ ልዩነት ሁለት እጥፍ ሲሆን፣ በተመሳሳይ የሙቀት ልዩነት የሚወጣው አየር 1.4 እጥፍ ያህል ይሆናል። በቁመቱ ላይ የሚጨመር አንድ ሜትር ቱቦላሬ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈልበታል፤ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል።

ቀጥሎ የነፋሱ አቅጣጫ ይጠናል። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በአዲስ አበባ አካባቢ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወገን ይነፍሳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ አቅጣጫው ይለዋወጣል። ሆኖም የእያንዳንዱ ግቢ ነፋስ በኮረብታው፣ በጎረቤት ፎቅና በባሕር ዛፉ መካከል ሲያልፍ መልኩን ስለሚቀይር በግምት መሥራት አይበጅም። በታሰበው የጣሪያ ከፍታ ልክ ረጅም አጣና ተክሎ በጫፉ ላይ የቀጭን ፌስታል ዘለላ በማሰር፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወዴት እንደሚያመለክት መመዝገብ በቂ ነው።

የብሎኬት አጥርም በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ብዙ ግቢዎች 2.5 ሜትር በሚደርስ አጥር የተከበቡ ሲሆኑ፣ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ላስቲክ ቤቱ ከአጥሩ በአንድና በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ይሠራል። እንዲህ ባለ ጊዜ የጎን መጋረጃው ቢከፈትም ነፋሱ ከአጥሩ በላይ ዘሎ ስለሚያልፍ፣ በመጋረጃው በኩል የሚገባው አየር ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ይሆናል። መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው፤ ቤቱን ከአጥሩ ቢያንስ በአጥሩ ቁመት ሁለት እጥፍ ማራቅ፣ ይህ ካልተቻለ ደግሞ የጣሪያውን መክፈቻ ማስፋትና በጎኑ ላይ አለመተማመን ነው። ለመሥራት ሙሉ ነፃነት ላለው ሰው የጣሪያውን ጫፍ ከሰሜን ወደ ደቡብ መዘርጋትን እመክራለሁ፤ የምሥራቁ ነፋስ ረጅሙን ጎን ስለሚያገኘው አየሩ ስምንት ሜትሩን ብቻ አቋርጦ ይወጣል፣ ብርሃኑም በሁለቱም ወገን ላሉ ረድፎች ተመጣጣኝ ይሆናል።

መክፈቻዎችን መምረጥ

ለተፈጥሮ አየር ዝውውር የሚሠራበት መለኪያ የጣሪያው መክፈቻ ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲሆን፣ የጎን መክፈቻዎቹም በድምሩ ከዚሁ እንዳያንሱ ነው። በምሳሌያችን የጣሪያው መክፈቻ ከ22 እስከ 29 ካሬ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። በ18 ሜትሩ የጣሪያ ጫፍ ላይ በሙሉ የተዘረጋ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው መክፈቻ 21.6 ካሬ ሜትር ስለሚሰጥ ዝቅተኛውን መጠን ያሟላል። በሁለቱ ጎኖች ላይ 1.2 ሜትር የሚከፈት መጋረጃ ደግሞ 43.2 ካሬ ሜትር ይሰጣል፤ ይህ ከወለሉ 30 በመቶ ስለሆነ የበዛ ይመስላል፣ ነገር ግን ወደ መረቡ ጉዳይ ስንደርስ እንደማይበዛ ይታያል።

የጣሪያ መክፈቻ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በሆለታ፣ በመናገሻና በሰበታ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ብዙ ጊዜ የሚታየው ሲሆን፣ የአንዱ ወገን ጣሪያ ከሌላው ከፍ ብሎ ተደርቦ በመካከላቸው ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ክፍተት ይተዋል። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አይበላሽም፣ ባለቤቱ ከቤት ቢወጣም ሥራውን አያቋርጥም። ጉድለቱ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ጥርት ባሉ ሌሊቶች የቤቱን ሙቀት ይዞ ማደር አለመቻሉ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ተነቃናቂ መክፈቻ ሲሆን፣ ጥርስ ባለው ዘንግና በማርሽ አማካይነት በእጅ ወይም በሞተር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ውርጭ ለሚያገኛቸው ለሱሉልታና ለሆለታ አካባቢዎች የምመርጠው ያለ ማመንታት ይህን ነው፤ ዝቅ ብለው ለሚገኙት ለዱከምና ለቢሾፍቱ ግን የማይዘጋው በቂ ነው። የትኛውም ቢመረጥ አፉ በበጋው ነፋስ ተቃራኒ ወገን፣ ማለትም በአብዛኛው ወደ ምዕራብ መዞር አለበት፤ ነፋሱ ከላይ ሲያልፍ የሞቀውን አየር እየሳበ ያወጣዋልና። የላይኛው ጣሪያ ከክፍተቱ አልፎ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እንዲደረብ ማድረግ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ዝናብ ይከላከላል፤ ከምዕራብ በኩል በነፋስ ተገፍቶ ለሚመጣው የሐምሌ ዶፍ ግን መክፈቻውን ከመዝጋት በቀር ሌላ መላ የለውም።

ለጎኑ ተጠቅላይ መጋረጃ ይመረጣል። የመጋረጃው የታችኛው ጫፍ በአንድ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ ላይ ይጠቀለልና በዳር ባለ ማዞሪያ ይነሣል፤ ለ18 ሜትር ርዝመት በየጎኑ አንድ ማዞሪያ ይበቃል። ማዞሪያው ሲገዛ በየትኛውም ከፍታ ላይ ቢለቀቅ ራሱን ቆልፎ የሚቆም ማርሽ ያለው መሆኑ በእጅ ተሞክሮ ይረጋገጥ፤ ሲለቀቅ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ክፈፉንና ማቀፊያውን የሰፈር ብረታ ብረት ሠራተኛ ወይም የምናለሽ ተራ ባለሙያ በሚገባ ይሠራዋል፣ ማርሹን ግን በብየዳ ከማሠራት የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል። መጋረጃው ከመሬት ጀምሮ እንዲከፈት መደረግ የለበትም፤ የታችኛው 60 ሴንቲ ሜትር ሁልጊዜ ዝግ ሆኖ ቢቀር የጠዋቱ ብርድ ችግኙን በቀጥታ አይመታውም፣ የዝናቡም ጭቃ ወደ ውስጥ አይረጭም። ከመጋረጃው ውጭ ከላይ እስከ ታች በሰያፍ የተወጠረ ገመድ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ነፋስ ላስቲኩ እንዳይርገበገብና እንዳይቀደድ ይይዘዋል።

ለትንንሽ መስኮቶች ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ጠቃሚ መሣሪያ አለ። በውስጡ ሰም ያለበት ሲሊንደር ሲሆን፣ ሙቀት ሲጨምር ሰሙ እየተስፋፋ ዘንጉን ገፍቶ መስኮቱን ያነሣዋል፣ ሲቀዘቅዝም ይመልሰዋል። የሚያነሣው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ 7 ኪሎ ግራም ያህል በመሆኑ ለረጅሙ የጣሪያ መክፈቻ አይሆንም፤ በጠባቡ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ በላይ ለሚሠራ መስኮት ግን ሰው በሌለበት ሰዓት ጥሩ ጠባቂ ነው።

የነፍሳት መከላከያ መረብ

ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ ቲማቲም በላስቲክ ቤት የሚያለማ ሰው ያለ መረብ መሥራት አይችልም። ይሁን እንጂ መረብ ተባይን ብቻ ሳይሆን አየርንም ይከለክላል። ነጭ ዝንብን የሚያግደውና በአንድ ኢንች ውስጥ 50 ክር ያለው መረብ በመክፈቻው የሚያልፈውን አየር በግማሽ ግድም ሊቀንሰው ይችላል። ስለዚህ በምሳሌያችን 43.2 ካሬ ሜትር የነበረው የጎን መክፈቻ መረብ ሲለብስ የሚሰጠው አገልግሎት 21.6 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል፤ ይህም የወለሉ 15 በመቶ ነው። ጎኖቹን መጀመሪያውኑ በእጥፍ ያሰፋናቸው በዚህ ምክንያት ነው። በጣሪያው ላይም መረብ ከተደረገ ወይ መክፈቻው መስፋት፣ ወይ መረቡ ቀጥ ብሎ ከመወጠር ይልቅ እንደ ከረጢት ወደ ውጭ ሰፍቶ የሚያስተላልፍበት ስፋት መጨመር አለበት።

መረብ ሲመረጥ ዋናው ቁም ነገር የትኛው ተባይ እንደሚያስቸግር አስቀድሞ ማወቅ ነው። ቱታ አብሶሉታ የእሳት ራት ስለሆነ ከነጭ ዝንብ መረብ እጅግ በሰፋ ቀዳዳ ይታገዳል፤ ትሪፕስ የተባለው ደቃቅ ተባይ ግን በ50 ክሩም መረብ ሾልኮ ሊገባ ይችላል፣ እሱን የሚያግድ መረብ ደግሞ አየሩን ከዚያ በላይ ያንቃል። ሰላጣና እንጆሪ ብቻ የሚያለማ ሰው የቲማቲም አልሚውን መረብ ገዝቶ ቤቱን ያለ ምክንያት ማፈን አይገባውም። ሌላው ጉዳይ አቧራ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ካሉት የኮረኮንች መንገዶች በበጋ የሚነሣው አቧራ በሁለት ወር ውስጥ የመረቡን ቀዳዳ ስለሚደፍን፣ መረቡ በሚስማር ተመትቶ ለሁልጊዜ ከሚታሰር ይልቅ በፍሬም ሆኖ የሚወልቅ ቢሆን ወይም ቢያንስ ከውስጥ በኩል የውኃ ጎማ የሚደርስበት ቢሆን ይመረጣል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየወሩ ቢታጠብ ልፋቱ ይካሳል።

አየር የሚያዞሩ ማራገቢያዎች

አንድ ሰው አንድ ዓይነት ማራገቢያ ብቻ የመግዛት አቅም ቢኖረው ይህን እንዲገዛ እመክረዋለሁ። እነዚህ ማራገቢያዎች አየርን ከውጭ አያስገቡም፣ ወደ ውጭም አያስወጡም፤ በቤቱ ውስጥ ያለውን አየር በዝግታ እያዞሩ ሙቀቱንና እርጥበቱን እኩል ያደርጋሉ። የሚታገሉት ከክረምቱ ጋር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ መስኮት ያስዘጋል፣ ነፋሱም በቂ አይሆንም፤ በቅጠሎቹ ዙሪያ የሚቆመው እርጥብ አየር ጤዛ ሆኖ ሲያርፍ ግራጫ ሻጋታና ቅጠል የሚያጠቁረው ምች ይነሣሉ። በቅጠሉ ዙሪያ ያለው አየር በሴኮንድ ከ0.25 እስከ 0.5 ሜትር ፍጥነት ቢንቀሳቀስ ጤዛው በቀላሉ አያርፍም። ቅጠሉ በጭንቅ የሚወዛወዝበት ፍጥነት ስለሆነ፣ ተክሉን የሚያንገላታ ብርቱ ማራገቢያ አያስፈልግም።

መጠኑ የሚሰላው ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል በደቂቃ 0.6 ሜትር ኩብ አየር በማሰብ ነው። ለ144 ካሬ ሜትር ይህ በሰዓት 5,200 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ግድም ስፋት ያላቸው አራት ማራገቢያዎች በዝቅተኛ ፍጥነት እየሠሩ ያደርሱታል። ሁለቱ በምሥራቁ ረድፍ ላይ ወደ ሰሜን፣ ሁለቱ በምዕራቡ ረድፍ ላይ ወደ ደቡብ እንዲነፍሱ ተደርገው ሲሰቀሉ አየሩ እንደ ሩጫ ሜዳ ቤቱን ይዞራል። የመጀመሪያው ከጫፍ ግድግዳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ገባ ብሎ ይሰቀላል፤ ሁሉም ከተክሉ አናት ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለባቸው። ለመኖሪያ ቤት የተሠራው የቁም ማራገቢያ ርካሽ ስለሆነ የሚያማልል ቢሆንም፣ ሞተሩ ለእርጥበት የተዘጋጀ ባለመሆኑ አንድ ክረምት እንኳ ላይዘልቅ ይችላል። ሞተሩ ዙሪያውን የተዘጋና በሰሌዳው ላይ አይፒ 54 (አቧራንና የውኃ ርጭትን የመከላከል ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይመረጥ።

አየር የሚያስወጡ ማራገቢያዎች

ከላይ የተዘረዘሩት መክፈቻዎች በተሟሉበት ቤት ውስጥ እነዚህ ማራገቢያዎች የሚያስፈልጉት በሦስት ሁኔታዎች ነው፤ ግቢው በፎቅና በአጥር ታፍኖ ነፋስ ሲያጣ፣ ትሪፕስን የሚያግድ ጥብቅ መረብ ሲገጠም፣ ወይም የጣሪያ መክፈቻ የሌለው ቤት አስቀድሞ ተሠርቶ ሲገኝ። ከነዚህ አንዱ ካለ ስሌቱ በጥንቃቄ መሠራት አለበት፣ ምክንያቱም በካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር ለእኛ ከፍታ አልተዘጋጀም።

በባሕር ጠለል አካባቢ ለሞቃት ወቅት የሚመከረው መጠን ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል በሰዓት 145 ሜትር ኩብ ያህል ነው። በዚያ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በ2,400 ሜትር ላይ ግን 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ ስላልሆነ፣ ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት እዚህ 1.33 እጥፍ አየር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ለቢሾፍቱ ከፍታ 1.25፣ ወደ 2,600 ሜትር ለሚጠጉት የሱሉልታ አካባቢዎች ደግሞ ከ1.37 እስከ 1.4 ማባዛት ተገቢ ነው። ስለዚህ የምሳሌያችን ቤት 144 በ145 ሲባዛ 20,880፣ ይህም በ1.33 ሲባዛ ወደ 27,800 ሜትር ኩብ በሰዓት ያስፈልገዋል። በዚህ መጠን ሲሠራ በጠራራ ፀሐይ እኩለ ቀን የውስጡ ሙቀት ከውጭው ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል፤ ውጭው 24 ቢሆን ውስጡ 30 ወይም 31 ይሆናል ማለት ነው። አየሩ በግማሽ ቢቀንስ ግን ልዩነቱ በእጥፍ ያድግና 37 ዲግሪ ይደርሳል።

ይህን መጠን በአንድ ትልቅ ማራገቢያ ከማሟላት ይልቅ እያንዳንዳቸው 14,000 ወይም 15,000 ሜትር ኩብ በሰዓት የሚያስወጡ ሁለት ማራገቢያዎችን መግዛት ይመረጣል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ቤቱን ያቆየዋል፤ ሙቀቱ መጠነኛ በሆነበት ቀንም አንዱ ብቻ ስለሚሠራ ኃይል ይቆጥባል። ካታሎጉ በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ የተጻፈ ከሆነ ቁጥሩ በ1.7 ተባዝቶ ወደ ሜትር ኩብ በሰዓት ይቀየራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መታየት ያለበት ቁጥሩ በምን ግፊት እንደተለካ ነው። ብዙ ሻጮች የሚያሳዩት ከፊቱ ምንም መሰናክል ሳይኖር፣ ማለትም በዜሮ ፓስካል የተለካውን ነው፤ መረብና መዝጊያ ባለበት ቤት ግን ማራገቢያው ከ25 እስከ 30 ፓስካል ግፊት ተቋቁሞ መሥራት ስላለበት የሚያስወጣው አየር ከዚያ ይቀንሳል። በ25 ፓስካል ስንት እንደሚያስወጣ በጽሑፍ ማሳየት ያልቻለን ሻጭ ትቶ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ይገባል። በተጨማሪም ሰሌዳው 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ፣ በእኛ 50 ኸርዝ መስመር ላይ ሞተሩ በስድስት እጁ አምስት ፍጥነት ብቻ እንደሚዞርና አየሩም በዚያው ልክ እንደሚቀንስ መታወቅ አለበት።

በቺንጋ የሚዞሩት ዝግ ያለ ፍጥነትና ሰፊ ክንፍ ስላላቸው በአንድ ዋት ብዙ አየር ያስወጣሉ፤ በሞተሩ ዘንግ ላይ በቀጥታ የተገጠሙት ደግሞ ጥገናቸው ያነሰ ነው። በቺንጋ የሚሠራ ከተመረጠ የቺንጋውና የኩሽኔታው ቁጥር ከግዢው በፊት ተጽፎ ሶማሌ ተራ ወይም መርካቶ ውስጥ መገኘቱ ይረጋገጥ። መለዋወጫው በቀላሉ የማይገኝ ማራገቢያ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለእኛ አይሆንም።

ማራገቢያዎቹ ከነፋሱ በተቃራኒ ባለው ጠባብ ግድግዳ ላይ፣ አየር ማስገቢያው ደግሞ በፊት ለፊቱ ጠባብ ግድግዳ ላይ ይሆናሉ። ማስገቢያው እንዳይጠብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 27,800 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት 7.7 ሜትር ኩብ በሴኮንድ ነው፤ አየሩ በሴኮንድ 1.25 ሜትር እንዲገባ ቢታሰብ ክፍቱ 6.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። በመረብ የተሸፈነ ከሆነ እጥፉን፣ ማለትም 12.4 ካሬ ሜትር ይጠይቃል፤ በ8 ሜትሩ ግድግዳ ላይ በሙሉ 1.6 ሜትር ከፍታ ያለው መክፈቻ ይህን ያሟላል። ማራገቢያዎቹ በሚሠሩበት ሰዓት የጎንና የጣሪያ መክፈቻዎች መዘጋት አለባቸው፤ አለዚያ ማራገቢያው በአቅራቢያው ካለው ቀዳዳ አየር እየሳበ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ተክል ይታፈናል።

አየሩን በረጠበ ወፍራም የካርቶን ግድግዳ አሳልፎ የሚያቀዘቅዘውን ዘዴ የሚሸጡ አሉ። ለቆላ እጅግ ጠቃሚ ነው። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ግን የውጭው አየር ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነና በክረምት ደግሞ የምንሸሸውን እርጥበት ስለሚጨምር ገንዘብን በሱ ላይ ማዋል አያስፈልግም። በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በተለይም ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ ከራስ በላይ ስትሆን፣ 30 በመቶ የሚያጠላ መረብ ከጣሪያው ውጭ መዘርጋት የማቀዝቀዣውን ሥራ ይተካል።

ኤሌክትሪክ

ባለ 1.1 ኪሎዋት ሞተር በ220 ቮልት ሲሠራ ከ7 እስከ 8 አምፔር ይወስዳል፤ ሲነሣ ግን ለአፍታ ከአምስት እጥፍ በላይ ይስባል። ቆጣሪው ከላስቲክ ቤቱ 50 ሜትር ቢርቅና በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢገናኝ፣ ሞተሩ ሲነሣ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት 40ን ስለሚያልፍ ሞተሩ እያቃሰተ መነሣት ይሳነዋል፣ በመጨረሻም ጥምጥሙ ይቃጠላል። በዚህ ርቀት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ተገቢ ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር በአምፔሩ ልክ የተስተካከለ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያቋርጥ መከላከያ)፣ ለመላው መስመር ደግሞ ወደ መሬት የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚቆርጥ መከላከያና በሚገባ የተቀበረ የመሬት ሽቦ ያስፈልጋል። በእርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው የሚነካው መሣሪያ ስለሆነ በዚህ ላይ የሚደረግ ቁጠባ በሰው ሕይወት ላይ ነው። ሕፃናት በሚያድጉበት ግቢ ማራገቢያው በሁለቱም ወገን ጣት የማያስገባ ሽቦ ይልበስ።

ለጄኔሬተርም ከፍታው ይታሰብ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚል ጄኔሬተር እዚህ 4 እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ማራገቢያዎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተራ እንዲነሡ ከተደረገ ትንሹ ጄኔሬተር ይበቃል። የሆነው ቢሆን፣ ጣሪያውና ጎኑ ያለ ኤሌክትሪክ በሰው እጅ መከፈት የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ በሞተር የሚከፈት መክፈቻ ከተገዛም የእጅ ማዞሪያ ያለው ይሁን።

መቆጣጠሪያና የዕለቱ አሠራር

ለዚህ መጠን ላለው ቤት ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሁለት ቴርሞስታት (በተወሰነ ሙቀት ላይ ማራገቢያውን የሚያስነሣና የሚያቆም መሣሪያ) እና አንድ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። ቴርሞስታቱ በተክሉ አናት ከፍታ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘውና አየር በሚያልፍበት ነጭ ሳጥን ውስጥ ይሰቀል፤ በግድግዳው ብረት ላይ የተሰቀለ ቴርሞስታት የብረቱን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይነግርም። ለቲማቲም መክፈቻዎቹ በ22 ዲግሪ እንዲከፈቱ፣ ማራገቢያ ላለው ቤት ደግሞ መክፈቻዎቹ ተዘግተው አንደኛው በ26፣ ሁለተኛው በ29 እንዲነሡ፣ ሁለት ዲግሪ ሲወርድም እንዲቆሙ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው።

በበጋ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም መጋረጃዎቹን መዝጋት መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ለሌሊቱ ያቆይለታል። በክረምት ግን ልማዱ መቀየር አለበት። ብዙ ሰው ብርዱን ፈርቶ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ቤቱን ዘግቶ ያቆያል፤ በዚያ ጊዜ ፀሐይዋ አየሩን ፈጥና ስታሞቀው ፍሬው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ እርጥበቱ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ በፍሬውና በግንዱ ላይ ያርፋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የጣሪያውን መክፈቻ በጥቂቱ፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍቶ አየሩን ከፍሬው ጋር በዝግታ ማሞቅ ይህን ያስቀራል። አየር አዟሪዎቹ በክረምት ሌሊቱን ሙሉ ቢሠሩ ይመረጣል። የእርጥበት መለኪያው ከ85 በመቶ በላይ ማሳየቱን ከቀጠለ፣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ከነፋሱ በተቃራኒ ያለው ጎን በጥቂቱ መከፈት አለበት።

ከተገጠመ በኋላ መሞከር

ሥራው ሲያልቅ ለሠራተኛው ቀሪ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቤቱ ይፈተሽ። ጠራራ ፀሐይ ባለበት ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ቴርሞሜትሮች፣ አንዱ ውጭ በጥላ፣ ሌላው በተክሉ መካከል ተጠልሎ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ልዩነቱ ከ7 ዲግሪ ካልበለጠ አሠራሩ ደኅና ነው። ከ10 ዲግሪ ከበለጠ ወደ ማራገቢያ ግዢ ከመሄድ በፊት መረቡ በአቧራ መደፈኑን፣ የጣሪያው መክፈቻ እስከ መጨረሻው መከፈቱንና ከአጥሩ ወገን አየር መግባት አለመግባቱን ማየት ይቀድማል።

ቀጥሎ በማጨሻ ላይ ዕጣን አጭሶ በቤቱ ውስጥ በዝግታ መዘዋወር ነው። ጭሱ በአየር አዟሪዎቹ ተይዞ በአንድ አቅጣጫ ሲፈስ ቦታው ደኅና ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣበት ወይም ባለበት የሚሽከረከርበት ጥግ ሲገኝ በምልክት ይያዝ። ጠዋት ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቅጠሎቹ አሁንም እርጥብ ሆነው የሚገኙትም አብዛኛውን ጊዜ በነዚያው ጥጎች ነው። በአቅራቢያው ያለውን አየር አዟሪ በአንድና በሁለት ሜትር አዛውሮ ወይም አንግሉን በጥቂቱ ቀይሮ ጭሱን እንደገና መሞከር፣ ይህንንም ከሰኔ ዝናብ በፊት መጨረስ ያስፈልጋል።